ከተማዋን በሙሉ «ሞታለች» ያለው ኮምፒውተር፦ ፍርድ ቤት የጁሪ እጩዎችን ዘር ለምን ይጠይቃል?

መነሻ

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የላከላቸውን ፖስታ ይዘው መጡ። ዜግነት ካገኙ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ፖስታው ውስጥ የነበረው ለጁሪ አገልግሎት፣ ማለትም ጥፋተኝነትን በሚወስነው የተራ ዜጎች ስብስብ ውስጥ ለመቀመጥ፣ ብቁ መሆን አለመሆናቸውን የሚያጣራ መጠይቅ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የትምህርት ደረጃ፤ እስከዚያ ድረስ እየተጋገዝን ሞላነው። ዘር የሚለው ጥያቄ ጋ ስንደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ፍርድ ቤት የእኔ ዘር ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። በቀበሌ መታወቂያው ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ያየ ሰው፣ መንግሥት ማንነቱን ሲጠይቀው ለደግ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ቅጹ ራሱ መልስ አለው፤ መረጃው የሚሰበሰበው በጁሪ ምርጫ አድልዎ እንዳይኖር ለመቆጣጠር ብቻ እንደሆነና በብቁነት ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር እንደሌለ ይገልጻል። ችግሩ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የማይጻፍበት ቅጽ አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ ማንም ልብ ብሎ አያነበውም። እኔም ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ በኮኔቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ የደረሰውን ነገርኳቸው።

ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1995 በተሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ተመዝግቧል። ተከሳሾችን፣ ጠበቆችንና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን በስም አልጠራም። እኔ እስከማውቀው ይህ ጥያቄ ለምን በቅጹ ላይ እንዳለ ከዚህ ጉዳይ በተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ስሞቹ የሚያልፉበት መንገድ

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም የሚለው ዳኛው ነው። በአሜሪካ በከባድ የወንጀል ክስ ይህን የሚወስነው ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የተጠሩ ሰዎች ስብስብ፣ ማለትም ጁሪ ነው፤ በፌዴራል የወንጀል ችሎት ብዙውን ጊዜ 12 ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚመለከት ከ16 እስከ 23 ሰዎች የሚቀመጡበት ግራንድ ጁሪ አለ።

እነዚህ ሰዎች የሚመጡበትን መንገድ የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የጁሪ ምርጫ ሕግ ነው። መነሻው የመራጮች መዝገብ ነው። ከመዝገቡ በዕጣ የተወሰዱ ስሞች በዋናው ቋት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ቋት ለተመረጡት መጠይቅ በፖስታ ይላካል። ዜጋ የሆነ፣ 18 ዓመት የሞላው፣ በፍርድ ቤቱ ክልል አንድ ዓመት የኖረ፣ እንግሊዝኛ የሚችል፣ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት መብቱን ያላጣ ሰው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ብቁዎች ቋት ያልፋል። ችሎት ሲኖር የሚጠሩት ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ቋቱን አሜሪካውያን «መንኮራኩር» ብለው ይጠሩታል፤ ድሮ ስሞቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ገብተው በእጅ ስለሚወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ከበሮው ኮምፒውተር ሆኗል።

በዚህ መንገድ ላይ ዘር የሚጠየቅበት የምርጫ ደረጃ የለም። ዕጣው ነጭ፣ ጥቁር አይልም። ሕጉ ግን በመጠይቁ ላይ ዘር እንዲጠየቅ ያዝዛል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በየጊዜው ኤኦ-12 በሚባል ቅጽ የቋታቸውን ስብጥር ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አነጻጽረው ሪፖርት ያደርጋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕጉ ቃል የገባውን ነገር ሲረዳ ነው። ወንበር ላይ የሚቀመጡት 12 ሰዎች ከተማውን ይመስላሉ የሚል ቃል የለም። ጥቁር ተከሳሽ ጥቁር ጁሪ ይገባኛል ማለት አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በሉዊዚያና ጉዳይ ያጸናው መብት ከዚህ የተለየ ነው፦ ሰዎቹ የሚወጡበት ቋት የማኅበረሰቡ እውነተኛ ናሙና መሆን አለበት፤ አንድ ወገን በአሠራሩ ምክንያት ከቋቱ ሊጎድል አይገባም። በዚያን ጊዜ የተጓደሉት ሴቶች ነበሩ፤ በአካባቢው ለጁሪ ብቁ ከሆኑት 53 በመቶ ሴቶች ሆነው ሳለ በቋቱ ውስጥ ግን ከ10 በመቶ አይበልጡም ነበር።

የተፈጠረው ችግር

ሃርትፎርድ የኮኔቲከት ዋና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ቆጠራ ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ አብዛኛው ጥቁርና ሂስፓኒክ (ከስፓኒሽ ተናጋሪ የላቲን አሜሪካ ወገኖች የሚወለድ) ነው። በዙሪያዋ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ግን በአመዛኙ የነጮች መኖሪያ ናቸው። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የሃርትፎርድ ምድብ ከተማዋንም ዙሪያዋንም ያጠቃልላል። በዚህ ምድብ ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች 62.93 በመቶ፣ ከሂስፓኒኮች ደግሞ 68.09 በመቶ የሚኖሩት በሁለት ከተሞች ብቻ ነበር፤ በሃርትፎርድና በጎረቤቷ በኒው ብሪተን።

ከእነዚህ ሁለት ከተሞች በብቁዎቹ ቋት ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም።

የሃርትፎርድ ምክንያት ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር መዝገብ እያንዳንዱ መረጃ የተወሰነ ቦታ ነበረው፤ ከዚህ እስከዚህ ፊደል ስም፣ ከዚህ እስከዚህ ከተማ፣ ቀጥሎ ደግሞ የግለሰቡን ሁኔታ የምታሳይ አንዲት ፊደል። የከተማው ስም ቦታውን ስቶ ተመዘገበና «ሃርትፎርድ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የመጨረሻዋ ፊደል፣ ዲ፣ ተገፍታ የሁኔታው ቦታ ላይ ወደቀች። በዚያ ቦታ ላይ ዲ ማለት «ሟች» ማለት ነበር፤ የእንግሊዝኛው ቃል በዚያች ፊደል ይጀምራልና። ፕሮግራሙም የታዘዘውን አደረገ። ለሙታን መጠይቅ አይላክም። የሃርትፎርድ ነዋሪ ሁሉ በአንድ ፊደል ሞተ።

ኒው ብሪተን የቀረችበት መንገድ ሌላ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሕንፃ ያለው እዚያው ሃርትፎርድ መሃል ከተማ ነው። ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱን የሚሻገር ሰው ሁሉ በመዝገቡ ሟች ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉት ከእነዚሁ «ሙታን» ዘንድ ነው። ይህ የቀጠለው በወቅቱ እንደተዘገበው ለሦስት ዓመት ያህል ነው። በእነዚያ ዓመታት ክስ ተመሥርቷል፣ ሰው ተፈርዶበታል፣ ሰው ታስሯል።

እንዴት ታወቀ?

ከቋቱ የጎደለ ሰው እንደጎደለ አያውቅም። የጁሪ ጥሪ አልደረሰኝም ብሎ ለአቤቱታ የሚሰለፍ የለም፤ እንዲያውም አብዛኛው ሰው ካልደረሰው እፎይ ይላል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ መሰረዙን አንባቢ ያስታውሳል። እዚያ የተባለው መግባት የማይገባቸው ስሞች ገብተዋል ነው። ያልተገባው ሰው ሲደርሰው የተበደለው ወገን ይጮኻል። በሃርትፎርድ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ መግባት የሚገባቸው ቀሩ፣ የሚጮኽም አልነበረም።

የጮኹት የተከሳሽ ጠበቆች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ ያዩት የኮምፒውተሩን ስህተት አይደለም፤ ለጁሪ ከተጠሩት መካከል የጥቁርና የሂስፓኒክ ማነስን ነው። «ጥቂት ናቸው» ማለት ብቻውን በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1979 በሚዙሪ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ሦስት ነገሮችን አስረዱ ይላል፦ የተጓደለው ወገን በማኅበረሰቡ ውስጥ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን፣ በቋቱ ያለው ድርሻ በሕዝቡ ውስጥ ካለው ድርሻ ጋር በአግባቡ የማይመጣጠን መሆኑን፣ መጓደሉም ከአሠራሩ የመጣ እንጂ የአንድ ቀን አጋጣሚ አለመሆኑን።

ሁለተኛው ነጥብ ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ የሚገኘው ደግሞ እናቲቱ ብዕራቸውን ካስቀመጡበት ከዚያ ጥያቄ ነው። ሕዝብ ቆጠራው በምድቡ ስንት ጥቁር እንዳለ ይናገራል፤ በቋቱ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚናገረው ግን መጠይቁ ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1975 ተከራካሪ ወገን የጁሪ መዝገቦችን የማየት መብት እንዳለው ወስኗል፤ ጠበቆቹ ወደ መዝገቡ መግባት የቻሉት በዚህ ነው።

ከምድቡ አዋቂ ሕዝብ ጥቁሮች 6.34 በመቶ፣ ሂስፓኒኮች 5.07 በመቶ ነበሩ። በቋቱ ውስጥ ግን ድርሻቸው ከዚህ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለምን ተብሎ በየከተማው ሲቆጠር የሃርትፎርድ ቁጥር ዜሮ መሆኑ ወጣ። ከዜሮው ወደ ፊደሏ መድረስ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

«ዜጎች አይደሉም» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ እዚህ አይሠራም። በሃርትፎርድ ከሚኖሩት ሂስፓኒኮች አብዛኞቹ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ አሜሪካውያን ናቸው። በእኛ ማኅበረሰብ ላይ ተመሳሳይ ቆጠራ ቢደረግ ግን ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ለጁሪ ስለማይጠራ ማነጻጸሪያው ነዋሪው ሁሉ ሳይሆን ዜጋው መሆን አለበት።

የተወሰደው እርምጃና የሠራው

እ.ኤ.አ. በ1992 የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቋቱ የማኅበረሰቡ እውነተኛ ናሙና አይደለም ብሎ ወሰነ። በአድልዎ ያደረገው ሰው እንደሌለ ሁሉም ተስማምቷል፤ ፕሮግራሙ ስለ ዘር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን ሐሳቡ ንጹሕ መሆኑ መብቱ እንዳልተጣሰ አያደርገውም አለ። ሆን ተብሎ መደረጉን የማስረዳት ግዴታ በዚህ ዓይነቱ ክርክር ተከሳሹ ላይ አልተጣለም፤ መጓደሉ ከአሠራሩ መምጣቱ ይበቃል። በእኔ አስተያየት የውሳኔው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ክፉ ሰው ይገኝ ቢባል ኖሮ አይገኝም ነበር፤ የሌለ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ሃርትፎርድ ሙት እንደሆነች ትቀር ነበር።

ስህተቱ ታረመ፤ የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች ያሉበት አዲስ ቋት ተዘጋጀ።

ያልሠራው

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። የጉዳዩ የበለጠ አስተማሪ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

አዲሱ ቋት ሲመጣ ከአሮጌው የተረፉ ስሞች በጽሕፈት ቤቱ እጅ ነበሩ፤ ተመርጠው፣ ብቁነታቸው ተጣርቶ፣ ጥሪ የሚጠብቁ ሰዎች። የተዘጋጀ ነገር መጣል ለማንም ቢሮ ከባድ ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ ችሎት ጥሪ ሲደረግ መጀመሪያ እነዚያ ተወሰዱ፤ የጎደለው ከአዲሱ ተሞላ። አሮጌው ውሃ ሳይደፋ ንጹሑ ተጨመረበት ማለት ነው። ሃርትፎርድና ኒው ብሪተን በአሮጌው ውስጥ ስላልነበሩ ከተጠሩት መካከል ድርሻቸው እንደገና ተሸራረፈ።

በዚያ ችሎት የተፈረደበት ሌላ ተከሳሽ ይግባኝ አለ። የመንግሥት ጠበቆች መልስ ጠንካራ ነበር። ከመቶ ሰው ውስጥ የጎደሉት ወደ ሁለት ተኩል የሚጠጉ ጥቁሮችና ወደ ሦስት የሚጠጉ ሂስፓኒኮች ናቸው፤ ይህን ያህል ልዩነት ያው የይግባኝ ፍርድ ቤት ቀደም ሲል አሳልፎታል አሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ቁጥሩን ከምክንያቱ ነጥሎ ለማየት አልፈለገም። በቀደሙት ጉዳዮች ልዩነቱ የመጣው የመራጮችን መዝገብ ከመጠቀም ነበር፤ መዝገቡ ሁሉንም በእኩል ባይዝም ማንም እንዳይመዘገብ አልተከለከለም። እዚህ ግን ሁለት ከተሞች በሙሉ ተቆርጠው የቀሩበት አሠራር ነው፤ ያውም ከታወቀ በኋላ። ፍርዱ ተሽሮ ተከሳሹ እንደገና እንዲዳኝ ታዘዘ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ አልተስማሙም።

መንግሥት በአንድ ስህተት ሁለት ጊዜ ዋጋ ከፈለ። ምስክር እንደገና ይጠራል፣ የጁሪ አባል እንደገና ከሥራው ይቀራል። ይህ ሁሉ የሆነው የተረፉ ስሞችን መጣል ስላልተፈለገ ነው።

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ቢታረምም ፖስታው አይታረምም። በከተማ በኪራይ የሚኖር ሰው ቶሎ ቶሎ ቤት ይለውጣል፤ መጠይቁ የድሮ አድራሻው ደርሶ ይመለሳል። ደርሶትም ከነፖስታው የሚያስቀምጠው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው መጓደል በአንድ ፊደል ስለማይመጣ በአንድ ማረሚያ አይወገድም፤ ፍርድ ቤቶችም አሠራሩ ያመጣው ነው ብለው ለመቀበል ይከብዳቸዋል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ዕጣ የሚያወጣ፣ ተማሪ የሚመርጥ፣ ዕርዳታ የሚያከፋፍል ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚወስደው አለ። እኔ ያስቀደምኩት የዜሮን ነገር ነው። ከሃርትፎርድ ስንት ሰው አለ ብሎ አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ቢቆጥር ኖሮ ለዚህ ጥያቄ የተማረ ጠበቃ አያስፈልግም ነበር። ቆጠራው ደግሞ በየደረጃው መሆን አለበት፤ ስንት ተላከ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንቱ ብቁ ሆነ፣ ስንቱ ተጠራ፣ ስንቱ መጣ። በመጨረሻ ብቻ የቆጠረ ሰው የጎደለ መኖሩን ያውቃል እንጂ የት እንደጎደለ አያውቅም።

ፕሮግራም ለሚጽፉ ደግሞ፦ አንድን ሰው ከዝርዝር የሚያስወጣ ምልክት በአንዲት ፊደል ላይ አይንጠልጠል። ቢንጠለጠል እንኳን ያስወጣቸውን ሰዎች ቁጥር ይናገር። ከአንድ ከተማ የመራጮች መዝገብ ውስጥ መቶ በመቶው ሲሞት ማሽኑ ዝም ማለቱ ከስህተቱ የከፋ ስህተት ነው።

ምንጩን ያረመ ሰው ከምንጩ በታች የተጠራቀመውን መድፋት አለበት። የ1995ቱ ውሳኔ ጠቅላላ ትምህርት ይኸው ነው።

የዘር ጥያቄውን በሚመለከት ከሁሉም የሚያሳስበኝ ባዶ የሚተው መልስ ነው። ባዶው በበዛ ቁጥር ማነጻጸሩ ይደክማል፤ አነስተኛ ወገኖች ጥያቄውን በይበልጥ የሚጠራጠሩት ከሆነ ደግሞ መሣሪያው የሚደክመው ሊጠብቃቸው በተሠራላቸው ሰዎች ላይ ነው። ፍርድ ቤት ባዶ ያለበትን ቅጽ መልሶ እንዲሞላ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ከጥያቄው አጠገብ ለምን እንደሚጠየቅ ሰው በሚገባው ቋንቋ መጻፉ የተሻለ ይመስለኛል፤ የአሁኑ ማብራሪያ የሕግ ሰው ለሕግ ሰው የጻፈው ነው።

መሣሪያው የማያየውም አለ። እናቲቱ ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «እሺ፤ ሐበሻ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉ። የለም። በዚህ ቆጠራ ውስጥ እኛ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ነን፤ ከአንድ ምድብ ኢትዮጵያውያን ብቻ ተለይተው ቢቀሩ ይህ ጥያቄ አያሳየውም። ያንን የሚያሳየው የአድራሻ ቆጠራ ነው፣ እሱም በአንድ ሠፈር ተሰብስበን የምንኖር ከሆነ።

ትንሽ አሰቡና ሣጥኑ ላይ ምልክት አደረጉ። ፖስታውን እያሸጉ «በሕይወት መኖሬን ግን በደንብ አይተህ ጽፈኸዋል?» አሉኝ።